እግሩ ሳይከዳው

ጆርጅ ቤስት የተባለው የቤልፋስት ልጅ በ17 ዓመቱ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ1968፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ከቡድኑ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ፤ የአውሮፓ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። ዝናው ግን መጠጥንና ጭፈራ ቤትን ይዞበት መጣ፤ ከልምምድ መቅረት አመል ሆነበት። በ1974፣ በ27 ዓመቱ፣ ከክለቡ ወጣ። በ2002 ጉበቱ በሌላ ሰው ጉበት ተተካለት፤ መጠጡን ግን አልተወም። በ2005፣ በ59 ዓመቱ፣ ሞተ።

እግሩ አልከዳውም፤ የከዳው ብርጭቆው ነው። ኸምር የክፋት ሁሉ በር መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወላጆች ሆይ! ልጃችን ጎል ሲያገባ እናጨበጭባለን፤ መልካም ነው። «ማታ የት አመሸህ?» ብለን የምንጠይቀውስ መቼ ነው? ችሎታም አማና ነው፤ ይጠየቁበታል።