ሞተሩም ይተንፍስ፣ ጣናም ይተንፍስ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ሞተር ንጹሕ ፊልትሮ ይፈልጋል። ታዲያ የሚታጠበውን የጥጥ ፊልትሮ በቤንዚን ዘፍዝፎ፣ በኮምፕሬሰር ነፍቶ፣ ዘይት ሳይቀቡ መግጠም ምን የሚሉት ጽዳት ነው? ደቃቁን አቧራ የሚይዘው እኮ ዘይቱ ነው! ከደረቀ አቧራው አልፎ ሲሊንደሩን ይፍቃል።

መንገዱ ቀላል ነው፦ በፊልትሮ ማጽጃ አርሶ፣ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ማጠብ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ የፊልትሮ ዘይት በስሱ መቀባት። ዘይቱ ከበዛ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ያቆሽሻል።

እጣቢውስ? ዘይት የተሸከመ ነውና ጣና ዳር አይደፋ፤ በዕቃ ይጠራቀም። እንደ እኔ እምነት ይህን ልማድ መጀመር ያለበት የእኛው ወርክሾፕ ነው፤ ነገ ጋራዥ የምንገባው እኛው ነንና። ሞተሩ እንዲተነፍስ ብለን ሐይቁን አናፍን!