ለቤት ቀጠሮ ስለ መስጠት

ሰው ሥራ ቢያጣ ይዋረዳል፤ ሥራው ከልክ ሲያልፍበት ደግሞ ቤቱን ያጣል። ስለ ፊተኛው፥ ማለት ስለ ሥራ መፍታትና ስለ ስንፍና፥ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜም ተሰብኳል። ስለ ሁለተኛው ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ሥራ የሚያበዛ ሰው በሁሉ ዘንድ ይመሰገናልና። አለቃው ያመሰግነዋል፤ ባለ ጉዳዩ ይመርቀዋል፤ ዘመዶቹም ይኮሩበታል። የሚጎዱት ሰዎች ያሉት ከቤቱ ውስጥ ነው፤ እነርሱም በአደባባይ ቆመው አቤት አይሉበትም። ስለዚህ በዛሬው ቃላችን ከሳሽ ለመሆን ስለማይችሉት ስለ እነዚህ ሰዎች ጥቂት ለመናገር አሰብን።

በፍርድ ቤት ተቀምጠን የምንጽፍ ሰዎች ዘወትር የምናየው አንድ ነገር አለ። ማናቸውም ነገር ቢሆን ቀጠሮ ሳይሰጠው ከችሎት አይወጣም። ትልቁ የርስት ክርክርም ሆነ ትንሹ የአጥር ጠብ፥ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎለት መዝገቡ ወደ ስፍራው ይመለሳል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ለቀጠሮ ብርቱ ኃይል ሰጥቶታል፤ ከሳሽ በቀኑ ቢቀር መዝገቡ ይዘጋበታል፥ ተከሳሽ ቢቀር ነገሩ እርሱ በሌለበት ይሰማል። ስለዚህ ቀጠሮ ያለው ነገር፥ ምንም ቢዘገይ፥ አንድ ቀን መሰማቱ አይቀርም።

እንግዲህ የአንድ ትጉህ ሹም የማስታወሻ ደብተር ተገልጦ ቢታይ ምን ይገኝበታል? ለአለቃው ቀጠሮ አለው፤ ለባለ ጉዳዩ ቀጠሮ አለው፤ ለባንክና ለልብስ ሰፊው እንኳ ቀጠሮ አለው። ለሚስቱ ግን ‹ሥራው ጋብ ሲል› ይላታል፤ ለልጁ ‹በሚመጣው ሳምንት› ይለዋል፤ በአገር ቤት ላሉት ሽማግሌ አባቱ ‹ክረምቱ ሲወጣ› ብሎ ይልክባቸዋል። እነዚህ ሦስቱ ቃሎች ቀኖች አይደሉም፤ አንድ ጸሓፊ በመዝገብ ላይ ሊጽፋቸው ቢፈልግ የሚያኖርበት ስፍራ አያገኝላቸውም። ሹሙ ይህን ሲል ሊዋሽ አስቦ አይደለም፤ ሥራው ጋብ የሚል መስሎት ነው። ሥራ ግን በራሱ ፈቃድ ጋብ ብሎ አያውቅም።

ከወዳጆቻችን አንዱ በከፍተኛ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ነው። አባቱ በመንዝ ይኖሩ ነበር፤ መንገዱም ከአዲስ አበባ በመኪና አንድ ቀን አይሞላም። ሽማግሌው ‹ልጄ፥ ዐይኔ እየደከመ ሄዷልና ሳይጠፋ ልይህ› ብለው በመስከረም ላኩበት። ወዳጃችንም ለጥምቀት እመጣለሁ አለ፤ ጥምቀት ሲደርስ ለፋሲካ አለ፤ ፋሲካ ሲደርስ የበጀት ጊዜ ሆነ። እንደዚሁ ሦስት ዓመት አለፈ። ገንዘብና ልብስ፥ ቡናና ስኳር መላኩን አላቋረጠም፤ በዚህ በኩል የሚነቀፍ ልጅ አልነበረም። በአራተኛው ዓመት በየካቲት መርዶ መጣበት። ያን ቀን ግን ፈቃድ ጠይቆ ከመሥሪያ ቤቱ ለመውጣት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተገኘው ፈቃድ በአንድ ሰዓት ተገኘ፤ ሥራውን ባልንጀራው ያዘለት፤ ቢሮውም አልፈረሰም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ይልቁን ያሳስባል። ለሠልስቱ ቆየ፤ ለአርባው ተመልሶ ሄደ፥ በሬም ጣለ፥ ካህናቱንና አገሩን አበላ፤ ለሰማንያውም እንዲሁ ሄደ። ለተዝካሩ ያወጣው ገንዘብ አባቱን በሕይወታቸው ሳሉ ሃያ ጊዜ ሄዶ ለመጠየቅ ይበቃው ነበር። ሠልስት፥ ሰባት፥ አሥራ ሁለት፥ ሠላሳ፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅ፥ ሙት ዓመት፥ ሰባት ዓመት፤ ለሞተ ሰው ቀኑ ሁሉ ተቈጥሮ ተሰጥቶታል። በእነዚህም ቀኖች ‹ሥራው ጋብ ሲል› የሚል የለም፤ ቢል ጎረቤቱ ሁሉ ይታዘበዋል። ለሙታን የተሠራውን ሥርዓት እኛ አንነቅፍም፤ ድግሱ ቢቀነስ ደስ ቢለንም። የምንጠይቀው ለሕያዋንስ ቀን የቈጠረላቸው ማን ነው ብለን ነው።

ቀንን ቈጥሮ ሥራንና ዕረፍትን በልክ መክፈል ከውጭ አገር የመጣ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን አድርጋ ከወሰነች በኋላ፥ ከትንሣኤ ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለውን 50 ቀን ረቡዕንና ዓርብን እንኳ ሳይቀር ከጾም ነጻ አድርጋዋለች። በዚያ ጊዜ ረቡዕ ቀን ሥጋ የሚበላ መነኵሴ ባይገኝም፥ የሚበላውን ሕዝባዊ ሆዳም የሚለው የለም። ነገሩ ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ተትቶ ቢሆን ኖሮ፥ አንዱ ዓመቱን ሁሉ ሲጾም ይታመም ነበር፤ ሌላው ደግሞ ነገ እጾማለሁ እያለ አንድ ቀን ሳይጾም ይሞት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ማሕሌት ለሚቆሙት ካህናትም መቋሚያ ተሰጥቷቸዋል፤ መቆምን ያዘዘ ሥርዓት መደገፍን አልከለከለም።

ስለ ዕረፍት ቀንም አባቶቻችን የተከራከሩት ክርክር ቀላል አልነበረም። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜ ከእሑድ ጋር ይከበር በማለታቸው መቶ ዓመት ያህል ሲወገዙና ሲሰደዱ ኖሩ፤ በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ቀኖች እንዲከበሩ ተወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት እንጂ የድካም ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ስለ አንዲት የዕረፍት ቀን ይህን ያህል የታገሉ ሰዎች ልጆች ሆነን ሳለን፥ እኛ ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ሲጮኽ ሳንከራከር መነሣታችን የሚገርም ነው።

በአበው ታሪክ የሚነገረውንም የአባ እንጦንስን ነገር አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። አንድ አዳኝ በበረሃ ሲያልፍ ታላቁ አባት ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አየና አልወደደም። አባ እንጦንስም ቀስቱን እንዲስብ አዘዙት፤ ሳበ። ደግሞ ጨምሮ እንዲስብ አዘዙት፤ ጨመረ። ሦስተኛ ሲያዝዙት ከዚህ ካለፈ ይሰበራል ብሎ እንቢ አለ። የወንድሞችም ነገር እንዲሁ እንደ ሆነ ገለጡለት። በዚህ ታሪክ እኛ ደስ የሚለን መምህሩ ብቻ አይደሉም፤ አዳኙም ነው። የቀስቱን ልክ ያውቅ ነበር፤ ሳይሰበርም እንቢ ለማለት ደፈረ። ከኛ መካከል የገዛ ሰውነቱን ልክ እንደዚያ አዳኝ የሚያውቅ ስንት ነው?

የሐኪሞቹም ቃል ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. አብረው ባወጡት ጥናት፥ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በአንጎል የደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ፥ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞት አደጋው 17 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ ገልጠዋል። በ2016 በፈረንጆች አቈጣጠር ብቻ በዚህ ምክንያት የሞተውን ሰው 745,000 ያህል ብለው ገምተውታል። የአገራችንም ሕግ ልኩን አላጣውም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ በየ7 ቀኑም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ደንግጓል። ይህ ግን የወጣው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ለመዳኘት ነው። ሥራውን ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባ ሹም ለራሱ አሠሪም ሠራተኛም ስለ ሆነ የሚዳኘው አይገኝም።

ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ ለስንፍና ማመኻኛ ለማድረግ የሚቸኩል ሰው ቢኖር ይታገሠን። ለቤት ጊዜ መስጠት ማለት የሕዝብን ጊዜ ሰርቆ መስጠት አይደለም። ገበሬ ስንቁን ቋጥሮ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ችሎት ሲደርስ፥ ዳኛው ሰርግ ሄደዋል ተብሎ ቀጠሮው ለአንድ ወር ሲተላለፍ አይተናል። ስንቁ አልቋል፤ ለማደሪያ ገንዘብ የለውም፤ እርሻውም ጾሙን አደረ። ያ ገበሬም ቤት አለው፤ የእርሱም ልጆች ይጠብቁታል። ለሰርጉ፥ ለማኅበሩና ለለቅሶው በሥራ ሰዓት ከወንበሩ የሚነሣ ሹምና፥ ሌሊት በቤቱ መዝገብ የሚያገላብጥ ሹም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆናቸው ደግሞ ይገርማል። ቀን ያባከነውን ሌሊት ይከፍላል፤ ዕዳውን የሚከፍልለት ግን የልጆቹ እራት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ እመቤቲቱ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። ባለቤቷ ምክርን ሰምቶ እሑድን ለቤቱ ሰጠ እንበል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አራት ወዳጆቹን አስከትሎ ይመጣል፤ ዕረፍት ነውና። እርሷ ግን ቅዳሜ ማታ ሽንኵርት ስትከትፍ አምሽታለች፤ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ አጥባለች፤ ሌሊት ተነሥታ ወጡን ጥዳለች። እንግዳው እስኪነሣ አትቀመጥም፤ ሲነሣም ቡናው ይቀጥላል። በዚያ ቤት የባል ዕረፍት የሚስት የሥራ ቀን ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛ ያለው ቤት ቢሆን ድካሙ ወደ ሠራተኛይቱ ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም፤ እርሷም በየሳምንቱ የምታርፍበትን ቀን ማወቅ ይገባታል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተቀምጠው ቀን ሲከፍሉ፥ እንግዳ የማይጠራበት፥ ምግቡም ሽሮ ቢሆን የማያሳፍርበት አንድ ቀን በወር ውስጥ ቢያኖሩ እንመክራለን። ክብርን የሚያይ ሰው ይህ ይከብደዋል፤ እናውቃለን።

ለቀሩት ቀኖችም ቀጠሮው ጠባብ ቢሆን ይሻላል፤ ሰፊ ቀጠሮ ይሻራልና። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ስልኩ በመሳቢያ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ከሚስት ዘንድ ይሁን። ልጆች በቀን የተማሩትን የሚናገሩበት፥ አባትም ሳያቋርጥ የሚሰማበት ሰዓት ያ ይሁን። ሁለት ሰዓት ለመንግሥት ሥራ ጥፋት የሚያመጣ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ከመሥሪያ ቤቱ አሠራር እንጂ ከእራቱ አይደለም። ቃል ሳይጻፍና ምስክር ሳይኖረው ይረሳልና፥ ይህ ሁሉ ለአለቃ ቀጠሮ በሚጻፍበት በዚያው ደብተር፥ በዚያው ቀለም ይጻፍ።

ያ የመንዙ ወዳጃችን እናቱ ገና በሕይወት አሉ። ባለፈው ወር ለጉዳይ ከቢሮው ገብተን ሳለን ደብተሩ በጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ነበርና፥ ከስብሰባዎቹ መካከል በየሁለት ወሩ በአንድ ቅዳሜ ላይ ‹እማዬ› የሚል ቃል ተጽፎ አየን። አለቃው በዚያ ቅዳሜ ስብሰባ ጠርተው እንደ ነበረና እርሱም ‹ክቡር ሆይ፥ በዚያ ቀን ቀጠሮ አለኝ› ብሎ እንደ መለሰላቸው ነገረን። ከማን ጋር እንደ ሆነ አልጠየቁትም፤ ስብሰባውን ወደ ሰኞ አዛወሩት።