ሠራተኛው ያልመከረበት ሶፍትዌር

መሥሪያ ቤቶቻችን የወረቀቱን መዝገብ እየተዉ በኮምፒዩተር መገልገል መጀመራቸው የሚያስመሰግን የሥልጣኔ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ ሲታቀድ የሚመክሩት ሹማምንትና መሐንዲሶች ብቻ ሆነው፣ ከጧት እስከ ማታ የሚሠሩበት ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ነርስ ግን ሁሉ ካለቀ በኋላ ለሥልጠና የሚጠሩ ከሆነ፣ ጉዳቱ ገንዘብ ከማባከን አልፎ ፍትሕን እስከ ማጉደል እንደሚደርስ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ታሪክ ምስክር ነው።

በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ተዘረጋ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ማታ ሂሳብ ሊዘጋ ሲቀመጥ በካዝናው ያለው ገንዘብ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው ቁጥር ያንሳል፤ ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ የሚመረምርበት በቂ መንገድ ሳይበጅለት፣ በውሉ መሠረት ከኪሱ እንዲተካ ይገደዳል። ስሕተቱ የሶፍትዌሩ ነው ብለው የጮኹት ሁሉ ቃላቸው እንደ ሌባ ማመካኛ ተቆጥሮ፣ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉድለቱ ከሶፍትዌሩ ሊመነጭ እንደሚችል የመሰከረው በ2019፣ ፓርላማውም የብዙዎቹን ፍርድ በሕግ የሻረው በ2024 ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድ መኖሩን ግን እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በስካንዲናቪያ የተካሄደው ዩቶፒያ የተባለው ጥናት አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። የጋዜጣ ማተሚያ ሠራተኞች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ከእንጨትና ከካርቶን አምሳያ መሣሪያ አበጅተው፣ በስክሪን ፈንታ ወረቀት እየለጠፉ ገጽ ሲያቀናብሩ፣ ሥራው የሚሰናከልበትን ቦታ ገና ሶፍትዌሩ ሳይጻፍ ለዩት።

በእኛም ዘንድ በሆስፒታል ካርድ ክፍል የምትሠራ መዝጋቢ፣ የታካሚውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይዛ ሳለ የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አላልፍም የሚል ቅጽ፣ ወይም ጳጉሜንን የማያውቅ የቀን መቁጠሪያ ሲገጥማት፣ ወረፋው እንዳይቆም ያልሆነውን ሞልታ ታልፋለች፤ የሕዝቡም መዝገብ ከምንጩ ይደፈርሳል። አስቀድሞ የጠየቃት ቢኖር ይህን ሁሉ በአንድ ጧት ባስረዳች ነበር።

ስለዚህ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው የሥራ አካባቢ ሕግ ሠራተኛው በሚሠራበት ሥርዓት ዕቅድ እንዲሳተፍ እንደ ደነገገች ሁሉ፣ የእኛም የመንግሥት ግዢ ሕግ፣ ማንኛውም ሶፍትዌር ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት በሚገለገሉበት ሠራተኞች እጅ፣ በዚያው በሥራ ቦታቸው እንዲፈተን፣ ከተዘረጋም በኋላ አቤቱታቸው ተመዝግቦ በተወሰነ ቀን መልስ እንዲያገኝ ሊያዝዝ ይገባል፤ ይህንንም ሳይቃጠል በቅጠል ማለት፣ ኋላ በፍርድ ቤት ከሚከፈለው ካሣ እጅግ የቀለለ ነው።