መዋጮው የኛ፣ ሒሳቡ የማን?

በአዲስ አበባ መንደሮች የኮብልስቶን ስብሰባ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እሁድ ጠዋት ነዋሪው ይጠራል። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ስለ መንገድ ጥቅም አንድ ሰዓት ያስረዳል (ዕድሜውን ሙሉ ጭቃ ለረገጠ ሰው!)። ከዚያ «በየቤቱ ይህን ያህል ብር» ይባላል። «የሚቃወም አለ?» ይባላል። «ፀረ ልማት» መባል የሚፈልግ የለምና ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። በሳምንቱ ኮሚቴው ደረሰኝ ይዞ በር ያንኳኳል። ውይይት የሚሉት ይህንን ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ እኛ ኮብልስቶን አንቃወምም። በክረምት ቦት ጫማ አድርገን ታክሲ ተራ ደርሰን፣ እዚያ ጫማ ቀይረን ትምህርት ቤት የሄድን ልጆች ነን። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው ይህ ሥራ ለብዙ ሺህ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ዲግሪ ይዘው ድንጋይ የጠረቡ ታላላቆቻችንንም እናውቃለን። መዋጮም አያስከፋንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኛ የምንጠይቀው፣ ሎሚውን የተሸከመው ሰው ሎሚው ስንት እንደነበረ ማወቅ የለበትም ወይ? ነው።

ዕድርን እንይ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ድንኳን ሲገዙ ዋጋው በአባላት ፊት ይነበባል፤ ገንዘብ ያዡ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ ይናገራል፤ ሒሳቡን የሚመረምር ሰው ይመረጣል። ሰሃን እንኳ ቢጎድል «የት ሄደ?» ይባላል። ይህንን የሚያውቅ ሕዝብ ከሰሃን እጅግ ለሚበልጥ ገንዘብ ለምን አጨብጭቦ ይበተናል?

ሒሳቡ ደግሞ ምስጢር አይደለም። የኮብልስቶን ሥራ የሚተመነው በካሬ ሜትር ነው። 100 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 600 ካሬ ሜትር ነው። ድንጋዩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ካሬ ሜትር ወደ 100 ድንጋይ ይወስዳል። ከሥሩ ቁፋሮ፣ ገረጋንቲ፣ ጥቅጠቃ፣ አሸዋ አለ፤ በጎኑ ጠርዝና የውሃ መውረጃ አለ፤ የነጣፊዎች የእጅ ዋጋ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ዕድሩ በር ላይ ቢለጠፍ፣ የሰፈሩ ልጆች በግማሽ ቀን ለክተው ያመሳክሩታል። የማይለጠፈው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። መንገዱ ከግቢው በር ከፍ ብሎ ከተነጠፈ፣ የሐምሌ ዝናብ ወደ ቤት ይገባል። ታች ያለው ጎረቤት ለራሱ ጎርፍ አዋጣ ማለት ነው። ድንጋዩ በተነጠፈ በወራት ውስጥ ደግሞ ለውሃ ወይም ለፍሳሽ መስመር ሲቆፈር አይተናል። ኮብልስቶን እንደ አስፋልት አይደለም፤ ተነስቶ መመለስ ይችላል፤ ጥሩነቱም ይኸው ነው። ግን ሥሩ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ከተመለሰ መንገዱ ይሰምጣል። ሁለተኛ አዋጡ ይባል ይሆን? በ2016 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ገመዱና ቱቦው ከመሬት በታች እንዲገባ ተደርጓል (ለዚያ ሥራ ከመንደራቸው የተነሱ ሰዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል)። መጀመሪያ ቱቦ፣ ቀጥሎ ንጣፍ የሚለው ቅደም ተከተል ለጎዳናው ከሠራ፣ ለውስጥ ለውስጡ ለምን አይሠራም?

ሦስተኛው፣ ማን ስንት ይክፈል የሚለው ነው። ባለ ፎቁም፣ በጡረታ የሚኖሩት እማማም እኩል ሲባል እኩልነት ይመስላል፤ አይደለም። ተከራዩ ደግሞ ስብሰባ አይጠራም፤ መንገዱ ሲያምር ግን ኪራይ ይጨመርበታል። ያልከፈለ ሰው ለሌላ ጉዳይ ወረዳ ሲሄድ «መጀመሪያ መዋጮህን ጨርስ» ተባለ የሚል ወሬም ከአንድ ሰፈር ሰምተናል። እንዲህ ከሆነ መዋጮ ሳይሆን ግብር ነው፤ ግብር ደግሞ በሕግ እንጂ በጭብጨባ አይጣልም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦

1ኛ. ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ልኬቱ፣ የካሬ ሜትር ዋጋው፣ የመንግሥትና የነዋሪው ድርሻ ይለጠፍ።

2ኛ. ውሃና ፍሳሽ፣ መብራትና ቴሌ «ከሥር የምንሠራው የለም» ብለው ሳይፈርሙ አንድ ድንጋይ አይነጠፍ።

3ኛ. አቅም የሌለውን ነዋሪው ራሱ ለይቶ ነፃ ያውጣ፤ በመዋጮ ምክንያት ማንም አገልግሎት አይከልከል።

4ኛ. ከሠሪው ክፍያ ላይ የተወሰነው መያዣ ሆኖ አንድ ክረምት ይለፍበት። ዝናብ የማይዋሽ መርማሪ ነው።

ይህ ችሮታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት አላቸው ይላል። ሐሳብ ማለት «እንክፈል ወይስ እንክፈል?» ለሚል ጥያቄ እጅ ማውጣት አይደለም።

ወረዳውም ቢሆን ከዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ሒሳቡን ያየ ሰው ሳይለመን ይከፍላል፤ የከፈለበትን መንገድም ቆሻሻ ሲደፋበት፣ ድንጋዩ ሲነቀል ዝም ብሎ አያይም። ስለዚህ እናንተ ልጆች፣ የእሁዱን ስብሰባ ለእናትና አባቶቻችሁ ብቻ አትተዉት። ስትሄዱም ሜትር ያዙ።