እትዬ አልሞተችም ነበር

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። በ2006 ዓ.ም. አሶሳ ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ልጆች ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ለእናንተ የይቅርታ ጽሑፍ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ፎቶ ላከችልኝ። አሁን እሷም ባምባሲ አካባቢ መምህርት ሆናለች። ፎቶው ላይ አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አለ፤ ውስጡ የሰው መዳፍ የምታህል ጸጉራም ሸረሪት ጀርባዋ ላይ ተንጋላ ተኝታለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ልጆቹ ያመጧት ሸረሪት የሞተች መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ምንም አልበላችም። ሳያዩ ብጥላት ይሻላል?»

«እንዳትነኪያት! ጀሪካኑንም እንዳታንቀሳቅሺው» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ምክንያቱም ይህን ፎቶ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። በስልክ ሳይሆን በዓይኔ።

እትዬን ታስታውሷታላችሁ? መስከረም ላይ ሁለት ልጆች ከቀርከሃው ሥር ከጉድጓዷ ቆፍረው አውጥተው በባልዲ ያመጧት ናት። ከመስኮት መስታወት ትራፊ ሳጥን ሠራን፣ ላዩን በወንፊት ከደንን፣ ሁለት ጣት የሚሆን ቀይ አፈር አነጠፍን፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ መጠለያ እንዲሆናት ደፋንላት። ፌንጣ የማምጣት ተራ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔም በየቀኑ ሳጥኗ ፊት ቆሜ እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ ምን እያደረገች እንደሆነ አስተላልፍ ነበር። አብዛኛው ስህተት ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት መስታወቱን ስትወጣና ስትወድቅ «ነፃነት ፈልጋ ነው» ብያችሁ ነበር። ስለ ነፃነትም ንግግር አደረግሁ፣ ጭብጨባም ነበረ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አሶሳ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፣ እርጥበት ትወዳለች ብዬ አፈሩን በየማለዳው ውሃ አጠጣው ነበር። አፈሩ ጭቃ ሆኗል። እሷ ደረቅ ቦታ ነበር የምትፈልገው። ጉድጓድ እንዳትቆፍር ደግሞ ሁለት ጣት አፈር ምን ያስቆፍራል? ይህ ዓይነት ሸረሪት ጉድጓዱ ቤቱ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባሉ ተመራማሪ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከታተሏት «ቁጥር 16» የምትባል የእነዚህ የሩቅ ዘመድ ነበረች። 43 ዓመት ስትኖር አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ነው የኖረችው፤ መሞቷ የታወቀው በ2016 ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር ግድግዳ ሲወጣ «ቤቴ የት አለ?» እያለ ነው ብንል ለእውነቱ እንቀርባለን። ይህም ቢሆን የሰው አነጋገር ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

ሌላው የፊት እግሮቿን ወደ ላይ ማንሳቷ ነው። «ሰላምታ እየሰጠችን ነው» ብላችሁ እናንተም እጃችሁን ታነሱ ነበር። እኔም ስቄ አለፍኩት። ይህ ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለቱን መንከሻ ጥርሶቿን እያሳየች «አትቅረብ» ማለቷ ነው። አንድ ልጅ እጁን ሊያስገባ ሲል ደወል ተደወለ እንጂ ያን ቀን ምን እንደምናወራ እንጃ። በታራንቱላ ንክሻ ሰው ስለመሞቱ የተረጋገጠ መዝገብ የለም። ቢሆንም የአፍሪካዎቹ ንክሻ ከአሜሪካዎቹ ይብሳል፣ ሕመሙም ቀላል አይደለም።

ይህን የማነሳው በዩቲዩብ የሚታየው ምክር አብዛኛው ስለ አሜሪካዎቹ ስለሆነ ነው። እነዚያ ሲበሳጩ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጸጉር በእግራቸው ጠርገው ይበትናሉ፣ ሆዳቸውም ይመለጣል። ስለዚህ «መላጣው ሲጠቁር ቆዳ ሊቀይር ነው» ይባላል። የእኛዎቹ ያ ጸጉር የላቸውም፣ መላጣም የለም። እነዚህ በእንግሊዝኛ የዝንጀሮ ሸረሪት የሚባሉት ናቸው፤ የእግራቸው ጫፍ የዝንጀሮ ጣት ስለሚመስል ነው። ሎክሶፕቲገስ የሚባለው ወገናቸው እንዲያውም የሚታወቀው ከኢትዮጵያ ነው። በሰው አገር ሸረሪት መመሪያ የራሳችንን ሸረሪት ማንበብ አይሆንም ለማለት ያህል ነው። (ደግሞ «ድር ቢያብር» እያላችሁ እትዬ ድር ዘርግታ ፌንጣ እስክትይዝ ስትጠብቁ ነበር። እሷ አዳኝ እንጂ አጥማጅ አይደለችም። ስምንት ዓይን ቢኖራትም እምብዛም አታይም፤ የፌንጣዋን እርምጃ በመሬቱ ንዝረት በእግሯ ጸጉር ነው የምትሰማው።)

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ።

ኅዳር ላይ መብላት አቆመች። የቀርከሃዋን አፍ በነጭ ድር ዘጋች። ቀለሟ ደበዘዘ። እኔ «ታማለች» አልኩ። ድሩን በእርሳስ ቀድጄ ፌንጣ አስገባሁባት። አልነካችውም። በማግስቱም ደገምኩት። ከሳምንታት በኋላ አንድ ከሰዓት ገብተን ስናይ በጀርባዋ ተንጋላለች፣ ስምንቱም እግሮቿ ወደ ላይና ወደ ጎን ተዘርግተዋል። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ ልጅ አለቀሰች። «ሞታለች» አልኩ፣ ለጥበቃው ሰጥቼ ከአጥሩ ሥር አስጣልኳት። ከዚያ ስለ ሕይወት ዑደት አስተማርኳችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከእናንተ ቀድሜ በአጥሩ በኩል አለፍኩ። እትዬ አሮጌ ቆዳዋን ግማሽ ድረስ አውልቃለች። አዲሱ ገላዋ ነጣ ያለና ለስላሳ ነበር። ጉንዳን ወርሯታል። እግሯ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

አፈር አለበስኳትና ወደ ክፍል ገባሁ። ምንም አልነገርኳችሁም። ስም ጠራሁ፣ የቤት ሥራ አረምኩ። ሞታለች ያልኩት እኔ ነኝ፣ መምህር ደግሞ አይሳሳትም፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ስትሞት እንዲህ ትተኛለች ብላችሁ ሄዳችሁ፤ ስንቶቻችሁ ይህን ለሌላ ሰው እንዳስተማራችሁ አላህም እግዜርም ይወቀው።

ስለዚህ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ትክክለኛው ይኸው። ሸረሪት እግሯን የምታጥፍበት ጡንቻ አላት። ዋና ዋና መገጣጠሚያዎቿን የምትዘረጋው ግን በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው፤ ውሃ ሲለቀቅበት የሚቃና የአትክልት ጎማ አስቡ። ስትሞት ወይም ውሃ ሲጠማት ግፊቱ ይወርዳል፣ እግሮቿም ከሆዷ ሥር እንደ ተጨበጠ ጣት ይኮማተራሉ። ያ ነው የሚያስፈራው። በጀርባዋ ተንጋላ እግሮቿን ዘርግታ ካያችኋት ግን ቆዳ እየቀየረች ነው። አስቀድማ መብላት ታቆማለች፣ ለሳምንታት ከዚያም በላይ። በሯን ትዘጋለች። ከሥሯ ድር ታነጥፋለች፣ ከዚያ ትገለበጣለች። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። ሲያልቅ መንከሻ ጥርሶቿ እንኳ ነጭና ለስላሳ ናቸው፤ እስኪጠቁሩና እስኪጠነክሩ ያን ጊዜ የምታስገቡላት ፌንጣ ምግብ ሳይሆን ጠላት ነው።

ያኔ ያየሁት ሁሉ፣ ጾሙም፣ የተዘጋው በርም፣ የደበዘዘው ቀለምም፣ አንድ ነገር ይል ነበር፦ ተዉኝ። እኔ ደግሞ በእርሳስ እየቀደድኩ ገባሁ።

አንዳንዶቻችሁ «አገር እንዲህ ሆኖ ስለ ሸረሪት ትጽፋለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ክልላችን ያየውን እኔም አይቻለሁ። ግን እኔ የማውቀው ይህን ነው፣ ያጠፋሁትም ይህን ነው።

ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ አይምጡ ወይ ለምትሉኝ መምህራን፣ የእኔ አቋም ይምጡ ነው፣ ግን በእንግድነት። ጥልቅ ደረቅ አፈር፣ መጠለያ፣ በክዳን የምትቀመጥ ውሃ። በእጅ አይነሱ፤ ከጠረጴዛ ከፍታ ብትወድቅ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል፣ «ለመደችኝ» የምትሉትም እሷ ዘንድ የለም። ልጆቹ ያዩትን ብቻ በደብተር ይጻፉ፤ «ተቆጣች»፣ «አዘነች» አይጻፍ፣ «ሁለት እግር አነሳች» ይጻፍ። ከዚያ ወደተወሰደችበት ትመለስ። ቤት ውስጥ እንደ ድመት ማኖርን ግን አልደግፍም። በዝናብ ወቅት በበር ሥር የሚገባውን በነጠላ ጫማ የምትቀጠቅጡም ተዉ። ብዙ ጊዜ ሴት ፍለጋ የወጣ ወንድ ነው፤ በጣሳ ከድናችሁ፣ ከሥሩ ካርቶን አስገብታችሁ አውጡት።

የባምባሲዋን ነገር ልጨርስ። በዚያው ሌሊት ወጣች። ጠዋት የላከችልኝ ፎቶ ላይ ሁለት ሸረሪት የሚመስል አለ፤ አንዱ ባዶ ቆዳ ነው። ልጆቹ ቆዳውን ወረቀት ላይ አስቀምጠው እግር እየቆጠሩ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ምግብ እንዳትሰጪያት፣ ከዚያ መልሷት ብያታለሁ። «ቲቸር፣ ልጆቹ አንመልስም ብለው አመጹብኝ» አለችኝ። ነገ በስልክ እንከራከራለን።

እና የ2006 ልጆች፣ ይቅርታ። እትዬ ብሎ ስም ያወጣላት ከእናንተ ማን ነበር? ሁለት ቀን ሳስብ ጠፋብኝ።