ለቀባሪው ማርዳት

ሰሞኑን ቦሌ ካሉ ሆቴሎች በአንዱ፣ ስለ ሥነ ምግባራዊ አመራር በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቻቸውን ለማኅበረሰቡ ማሰብ እንዳስተማሯቸው ነገሩን። ማስረጃቸው ስክሪኑ ላይ ነበር፤ አርማ የታተመበት ቲሸርት፣ ችግኝ፣ ባነር። አዳራሹ አጨበጨበ።

ማንን ነው ያስተማሩት? ከኮተቤ በሁለት ታክሲ የምትመጣላቸው ካሸር እኮ የእድር አባል ናት። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ሐዘንተኛ ቤት የሚያድረው ማን መሰላቸው? የማርኬቲንግ ክፍሉ?

እድሯ ቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። እንደ እሳቸው ያለ አለቃ ደግሞ ለጎረቤት ቀብር አይፈቅድም፤ ሕግ ይጠቅሳል። ልክ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከነደመወዙ 3 የሥራ ቀን የሚፈቅደው የትዳር ጓደኛ፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ነው። ጎረቤት የለበትም። ታዲያ ሕግ ያስገደደውን ብቻ የሚፈጽም አለቃ ሥነ ምግባሩ ምኑ ላይ ነው? ለዚያማ የሰው ኃይል ክፍል ይበቃ ነበር።

የቲሸርቱ ቅዳሜ ሲደርስ ግን መቅረት የለም። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ሰኞ ቢሮ ይጠራል። ይህንን ነው እንግዲህ «በጎ ፈቃድ» የሚሉት! የዚሁ «በጎ ፈቃድ» መዋጮም ሠራተኛው ሳይጠየቅ ተቆርጦ ፔሮል ላይ ይገኛል። ቅድም አዋጅ ሲጠቅስ የነበረው አለቃ እዚህ ላይ አንቀጽ 59ን ይረሳዋል፦ እንደ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያለ መሠረት ከሌለ፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዙ አይነካም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ውላ፣ አንዲት ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተጋርታ፣ ከተረፋት ላይ ለእናቷ የምትልክ ልጅ አለች። ለመቄዶንያ መርጃ ማዕከልም በሞባይሏ ጥቂት ብር ትልካለች። ፎቶ አንሥቶ የለጠፈላት የለም፤ ሥልጠናም አልወሰደችም።

መሪ አርአያ ይሆናል ካሉ አልከራከርም፤ ይሁና! የካሸሯ ጎረቤት ቀብር ዘጠኝ ሰዓት የካ ሚካኤል ነው። የግማሽ ቀን ፈቃድ ይፈርሙና ዞር ይበሉ። ድንኳን መትከሉን ሠራተኞቹ ያውቁበታል።