ሰፈራችን ቧንቧ ወደ ውጪ ያውጣ



ሰፈሬን ስናገር ብዙዎቻችሁ "አንተማ ሀብታም ነህ!" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የምኖረው ቪላ ግቢ ውስጥ ነው። ቪላው ግን የእኛ አይደለም። አባቴ ጥበቃ ነው፤ አምስታችን የምንኖረው ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ስለሆኑ የሚመጡት በዓመት አንዴ፣ ለገና ነው። እናቴ ማንም የማይተኛበትን አልጋ በየሳምንቱ ታራግፋለች። የአዳማን ነፋስ ታውቁት የለ፣ አቧራው የቪላ መስኮት አይፈራም።

ሰፈሩ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ጸጥታ አለ። ግን ኳስ የሚጫወት ልጅ የለም። የጎረቤቶቻችንን ስም አላውቅም፣ የመኪናቸውን ታርጋ ግን በቃሌ እችላለሁ። አያቴ በወጣትነታቸው ወንጂ ሸንኮራ ቆርጠዋል። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሆላንድ ኩባንያ ነበር፤ የአለቆቹ ቪላ ለብቻ፣ የቆራጮቹ ካምፕ ለብቻ ነበር ይላሉ። እንግዲህ ነገሩ እኛ አካባቢ አዲስ አይደለም።

መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለ ውሃ ነው። ባለፈው ወር ውሃ ለስድስት ቀን ጠፋ። እኛ ግቢ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ስላለ አልተቸገርንም። በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። የእኛን ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ (ስሟን አልጠቅስም) ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዛ "ጋሼ፣ ትንሽ ውሃ ይሰጡኛል?" አለችው አባቴን። አባቴ ቀና ብሎ ካሜራውን አየና "የኔ ልጅ፣ አልተፈቀደልኝም" አላት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። አልወጣሁም። ማታ ሳሩን ውሃ አጠጣን፤ ሳሩ ከደረቀ አባቴ ይጠየቃላ!

በአባቴ አልፈርድም። ካሜራውን ባለቤቶቹ በስልካቸው ያዩታል፣ እንጀራችንም እሱ ነው። ግን ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ ስለዚህ ሮቶው 250 ጀሪካን ይሞላል። በቀን አስር ጀሪካን ቢሰጥ 200 ሊትር፣ ማለትም ከመቶ አራት እጅ ብቻ ነው። ሳሩን በጎማ የምናጠጣው ግማሽ ሰዓት ነው። ጎማው አንድ ጀሪካን በአንድ ደቂቃ ተኩል ሲሞላ በሰዓት ለካሁት። ሳሩ በአንድ ማታ 20 ጀሪካን ይጠጣል ማለት ነው! ሰው ጠምቶት ሳር ይጠጣል እንዴ?

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሮቶ ያለው ቪላ ሁሉ ከአጥሩ ውጪ አንድ ቧንቧ ያውጣ፣ ውሃ ሲጠፋ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ይክፈተው። "ሌባ ይገባል" የሚሉ አሉ። ቧንቧው ውጪ ከሆነ ማን ግቢ ይገባል? "ሒሳቡስ?" ካሉ ደግሞ፣ እንደ ቦኖ በጀሪካን ያስከፍሉ። ልጅቷ እኮ በነጻ ስጡኝ አላለችም። ደግሞ የሮቶውም የቦኖውም ውሃ ያው ከአዋሽ የተሳበ ነው።

አባቴ ለባለቤቶቹ ደውሎ እንዲነግርልኝ ለምኜው ነበር። "ለገና ሲመጡ ራስህ ትነግራቸዋለህ" አለኝ። ስሌቱን በሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

አንቺ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ከበሩ ጀርባ የነበርኩት እኔ ነኝ።